ዋይፋይ 7 ራውተር ይምጣ ወይስ ዋይፋይ 8 ይጠበቅ? ላልከው

ወንድሜ፣ እህትህ ከአሜሪካ ስትመጣ ዋይፋይ 7 ራውተር ልታመጣልህ ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ «ስታንዳርዱ ሳይጸድቅ የተሠራ ዕቃ ነው፣ ሲሻሻል ሜዳ ላይ ይጥልሃል፣ 8ን ጠብቅ» ብሎሃል። አትጠብቅ። ግን «ሳይጸድቅ የተሠራ» የሚለው ወሬ ከመሬት የተነሳ አይደለምና ከሱ ልጀምር። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ይህን ነገር በግማሽ ሰምቶ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አንደኛ፣ ስታንዳርዱን የሚጽፈውና ካርቶኑ ላይ ያለውን ምልክት የሚሰጠው የተለያየ ቤት ነው። ሰነዱን የሚጽፈው የአይ ትሪፕል ኢ (የዓለም አቀፍ መሐንዲሶች ማኅበር) 802.11 የሥራ ቡድን ነው፤ ምልክቱን የሚሰጠው ደግሞ የኩባንያዎች ማኅበር የሆነው ዋይፋይ አሊያንስ ነው። የመጀመሪያው ስታንዳርድ በ1997 ወጣ፤ ፍጥነቱ 2 ሜጋቢት በሰከንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዋጅ በማሻሻያ አዋጅ እንደሚታደሰው ሁሉ፣ አዲስ ነገር የሚገባው በማሻሻያ ነው። እያንዳንዱ ማሻሻያ የራሱ ፊደል አለው፦ ኤን፣ ኤሲ፣ ኤኤክስ፣ አሁን ደግሞ ቢኢ፤ ቢኢ ማለት ዋይፋይ 7 ነው። ፊደሎቹ ሲጠራቀሙ ሁሉም ተጠቃለው አንድ ወፍራም ሰነድ ይሆናሉ፤ በ2007፣ 2012፣ 2016፣ 2020 እና 2024 እንዲህ ተደርጓል።

ረቂቁ ለድምፅ ሲቀርብ 75 በመቶ ድጋፍ ማግኘት አለበት። ድምፅ የሚሰጠው ኩባንያ ሳይሆን ሰው ነው፤ በዓመት 6 ጊዜ በሚደረገው ስብሰባ በተደጋጋሚ ያልተገኘ ደግሞ የመምረጥ መብት የለውም። የተቃወመ ሰው ምን ቢቀየር እንደሚስማማ በጽሑፍ ያስገባል፣ የሥራ ቡድኑ ለያንዳንዱ አስተያየት መልስ ይሰጣል፣ የታረመው ረቂቅ እንደገና ይዞራል። ዓመታት የሚፈጀው እዚህ ላይ ነው።

ያ ሰው የሰማው የኤንን ታሪክ ሳይሆን አይቀርም። የኤን ረቂቅ 1.0 በ2006 ለድምፅ ሲቀርብ ግማሽ ድምፅ እንኳ አላገኘም፤ ወደ 12 ሺህ የሚጠጋ አስተያየት ዘነበበት። በዚያው ሰዓት ግን «ድራፍት ኤን» የሚል የተለጠፈባቸው ራውተሮች በየሱቁ ይሸጡ ነበር። የአንዱ ቺፕ ከሌላው ጋር አልግባባ እያለ ብዙ ጊዜ ከኤን በፊት ወደነበረው ወደ ጂ ፍጥነት፣ ወደ 54 ሜጋቢት፣ ይወርድ ነበር። ሰው ለአዲስ ዕቃ ከፍሎ የአሮጌውን ፍጥነት ይዞ ቀረ፤ ይህ ዛሬም የሚያናድድ ነገር ነው። በ2007 ረቂቅ 2.0 አለፈ፣ ዋይፋይ አሊያንስም በሱ መሠረት ዕቃ እየፈተሸ ምልክት መስጠት ጀመረ። የመጨረሻው ስታንዳርድ የጸደቀው በ2009 ነው፤ ሆኖም በረቂቅ 2.0 የተመሰከረላቸው ዕቃዎች ከሱ ጋር አብረው ሠርተዋል። ስለዚህ የተጎዳው ከመጽደቁ በፊት የገዛ ሁሉ ሳይሆን ከምስክር ወረቀቱ በፊት የገዛው ነው።

ወደ 7 ስንመጣ፣ አሊያንሱ ምስክር ወረቀት መስጠት የጀመረው በጥር 2024 ነው። ቢኢ በመስከረም 2024 ጸደቀ፣ በሐምሌ 2025 ታተመ። ራውተሮቹ ግን 2023 ላይ ገበያ ውስጥ ነበሩ። እህትህ ከመክፈሏ በፊት በአሊያንሱ ድረ ገጽ የምርት መፈለጊያ ላይ የሞዴሉን ቁጥር ታስገባ። «ቪ1»፣ «ቪ2» የሚለውንም አብራ ትይ፤ ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ ያለው ቺፕ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከዚህ የበለጠ ገንዘብ የሚበላው ስህተት፦ ፈርምዌር (ራውተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) ሲታደስ ሁሉንም ያስተካክላል ብሎ ማመን። የግንኙነት ሥርዓቱን፣ የደህንነት ቀዳዳውን፣ በረቂቁና በጸደቀው መካከል ያለውን ትንሽ ልዩነት ያስተካክላል። የሌለ ሬዲዮ ግን አይፈጥርም። ካርቶኑ ላይ «ቢኢ3600» ካለ 688 ሜጋቢት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ፣ 2882 ሜጋቢት በ5 ጊጋኸርዝ ተደምሮ ነው፤ 6 ጊጋኸርዝ የለውም። ዋይፋይ 7 የሚመካበት የ320 ሜጋኸርዝ ቻናል ደግሞ ያለው 6 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ ነው። «ቢኢ9300» ካለ በነዚያ ላይ 5764 ተጨምሯል፤ እሱ የ6 ጊጋኸርዙ ነው። ሁለቱም «ዋይፋይ 7» ተብለው ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ደምረህ ግዛ።

ደግሞ የአይ ትሪፕል ኢ ሰነድ ሞገድ አይፈቅድም፣ የሚፈቅደው እያንዳንዱ አገር ነው። አሜሪካ በ2020 ከ5925 እስከ 7125 ሜጋኸርዝ ያለውን ከፈተች፤ 320ው ሳይደራረብ ሦስት ጊዜ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 የከፈተው ከ5945 እስከ 6425 ብቻ ስለሆነ አንድ ጊዜ ይገባል። እኛ ጋ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ለ6 ጊጋኸርዝ ተብሎ ተጨማሪ ብር ከመከፈሉ በፊት እዚያ ጠይቅ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ የአገር ምርጫው ተቆልፎ ይመጣል፣ አዲስ አበባም ላይ በአሜሪካ ቻናልና ኃይል ነው የሚሠራው። ስልክህ ደግሞ ያለበትን አገር አይቶ 6 ጊጋኸርዝን ሊዘጋው ይችላል፤ ያኔ የተከፈለበት ባንድ (የሞገድ ክልል) ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ስታዋቅረው የይለፍ ቃሉን የጥበቃ ዓይነት ደብልዩፒኤ 3 አድርገው። «የድሮ ስልክ እንዲገባ» ተብሎ ደብልዩፒኤ 2 ብቻ ከተደረገ 6 ጊጋኸርዝም፣ ሁለት ባንድ በአንዴ መጠቀምም አይኖርም። ለድሮዎቹ የእንግዳ ኔትወርክ ለብቻ ክፈትላቸው።

ስለ 8፦ ፊደሉ ቢኤን ነው፣ ሥራው በ2023 ተጀመረ፣ ይጸድቃል የሚባለው በ2028 ነው። ግቡ ፍጥነት መጨመር ሳይሆን ግንኙነቱ እንዳይቆራረጥ ማድረግ ነው። ቤትህ የሚገባው መስመር 25 ሜጋቢት ከሆነ ደግሞ 7ም 8ም አያፈጥኑትም፤ ጥሩ ዋይፋይ 6 ይበቃሃል።

እህትህ ከራውተሩ ሥር ያለውን ስቲከርና የአዳፕተሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልህ። አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት ካላለና 120 ብቻ ካለ፣ እኛ ጋ ሶኬት ላይ በሰካኸው ቅጽበት ይቃጠላል።