«ገና አንቺ ብር የምትልኪበት ቀን ነው»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤሩት ከመጣሁ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሁለቱ ልጆቼ ደሴ እናቴ ጋ ናቸው፤ ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 6። ባለፈው ገና ደውዬ «እንኳን አደረሳችሁ» ስላቸው ወንዱ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ኳስ ጫማው ነው። ትንሿን «ገና ምንድን ነው የኔ ቆንጆ?» አልኳት። «አንቺ ብር የምትልኪበት ቀን ነው» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የማዳሜ ቤተሰቦች ክርስቲያኖች ናቸው። ገናቸው ሲቃረብ ከልጆቿ ጋር ወረቀት ጨምድጄ ጌታ የተወለደበትን ዋሻ አስመስዬ የምሠራው እኔ ነኝ። በዋሻው ዙሪያ የሚደረገውን ስንዴና ምስር ጥጥ ላይ የማበቅለውም እኔ ነኝ። ለሰው ልጆች ግርግሙን አሳያለሁ፣ የእኔዎቹ ገናን የሚያውቁት በሐዋላ ነው። እዚህ ሆኜ ሃይማኖታቸውን ላሳድግ የምችልበት መንገድ አለ ይላሉ?

ልጆቿ የናፈቋት፣ ከቤሩት

መልስ፦ የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያ የልጅሽን መልስ በክፉ አትያዢው። የስድስት ዓመት ልጅ ያየችውን ነው የምትናገረው። ገና ሲደርስ ብርሽ ይመጣል፣ ድምፅሽም ከሌላው ቀን ረዘም ይላል፣ አያቷም ደስ ይላታል። እሷ ገናን ከአንቺ ጋር አያይዛዋለች። ይህ መልካም መሠረት ነው።

የጎደለው በዓሉ ሳይሆን ከበዓሉ በፊት ያለው ጊዜ ይመስለኛል። ይህን ደግሞ አንቺው ጽፈሽልኛል። ጥጡ ላይ ያለው ስንዴ በአንድ ቀን አይበቅልም። የማዳምሽ ልጆች ጠዋት ጠዋት እየሮጡ ሄደው ያዩታል አይደል? ነጭ ጭራ ሲያወጣ ይጮሃሉ። ዋሻውን የሚወዱት ሲጠብቁት ስለከረሙ ነው። የአንቺ ልጆች ግን ታኅሣሥ 29 ድንገት ነው የሚመጣባቸው።

እኔም የሩቅ ሰው ልጅ ነበርኩ። አባቴ ወታደር ነበር። በ1970ዎቹ ረጅሙን ጊዜ ያሳለፈው አስመራ ነው። የገና ደብዳቤው አንዳንዴ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ይደርሰን ነበር። ሁሉም ደብዳቤ መጨረሻው ላይ ግን አንድ ዓይነት ነገር ነበረው፦ «ማታ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግሙ እኔም እዚህ እደግማለሁ።» እናታችን ኩራዙን ከማጥፋቷ በፊት «ተነሱ፣ አባታችሁ ጀምሯል» ትለን ነበር። እኛም እንዳያመልጠን ተሽቀዳድመን እንቆማለን። ይልክልን የነበረው ብር ስንት እንደነበር አላውቅም። ያቺን «ጀምሯል» የምትለዋን ቃል ግን እስከ ዛሬ ማታ ስቆም እሰማታለሁ።

አንቺ ከአባቴ የተሻለ ነገር አለሽ፤ ስልክ። በቀጥታ መደወሉ እንደማይመችሽ ይገባኛል። በዚህ ወቅት ቤሩት ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ልጆችሽ ማታ ሁለት ሰዓት ሊተኙ ሲሉ አንቺ ጋ ገና አንድ ሰዓት ነው፣ እራት ላይ ነሽ። ስለዚህ ድምፅ ቀድተሽ ላኪ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ጠዋት ቤቱ ሳይነሳ ቅጂው፣ እናትሽ ማታ ታሰማቸው። «በስመ አብ» ብለሽ ጀምሪ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብለሽ ድገሚ፣ ስማቸውን ጠርተሽ መርቂያቸው። የኔትወርክ ነገር አይታመንምና የሁለት የሦስት ቀኑን አንድ ላይ ብትልኪ ጥሩ ነው። እነሱም ይመልሱልሽ። ትንሿ ብትሳሳት አታርሚያት፣ ደስ ይበልሽ ብቻ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቷል። ይህ እትም ሲደርስሽ ስብከት ላይ እንሆናለን። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሦስት ሳምንታት ስም አላቸው፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። ለልጅ ከዚህ የሚመች ነገር የለም። በስብከት ሳምንት ነቢያት ይመጣል ያሉትን ንገሪያቸው። ኢሳይያስ «ድንግል ትፀንሳለች» ያለውን ብቻ ብትነግሪያቸው ይበቃል። ያን ሳምንት እናትሽ ለበቆልት ባቄላ ስትዘፈዝፍ ልጆቹ ይዝፈዝፉ፤ ጭራ ማውጣቱን እየገለጡ ይዩ። «እኔም እዚህ ስንዴ እያበቀልኩ ነው» በያቸው፣ ፎቶውን ላኪላቸው። ያኔ የምትሠሪውን ሥራ ከልጆችሽ አትደብቂውም፣ አብራችሁ ትሠሩታላችሁ።

በብርሃን ሳምንት ማታ አንድ ጊዜ መብራት ይጥፋና ጧፍ ይብራ። የሳምንቱ ምስባክ፣ በቅዳሴ የሚዜመው የዳዊት መዝሙር፣ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ነው፤ ብርሃንህንና ጽድቅህን ላክ ማለት ነው። ወንዱ በቃሉ ይያዘው። ዘጠኝ ዓመት ግዕዝ የማይከብድበት ዕድሜ ነው። የማዳምሽ ቤት ገናም አብዛኛውን ጊዜ ለእኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል፣ በዚሁ ሳምንት። የዚያን ቀን ሲከፋሽ የእሱን ድምፅ ክፈቺው።

ኖላዊ ማለት እረኛ ነው። የኳስ ጫማውም እዚህ ጋ ቦታ አለው። ገና ጨዋታ መነሻው የእረኞቹ ደስታ ነው ይባላል፤ የጌታን መወለድ ሲሰሙ በዱላቸው ተጫወቱ ይባላል። አጎት ወይ ጎረቤት አንድ ቆልመም ያለ ዱላ ይቁረጥለት፣ ጥንግ፣ የጨዋታውን የእንጨት ኳስ፣ ይሥራለት። አዲሱን ጫማ አድርጎ ገናውን ይምታ። ጫማውን መላክሽን አትተዪ፤ ብቻ ቀደም ብሎ ይድረስ፣ በዓሉን ራሱን እንዳይሸፍነው።

ለትንሿ ደግሞ ይህን ንገሪያት። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እመቤታችን የተወለደችው ሊባኖስ ነው። እናቷ ሐና ከአገሯ ወጥታ ነው በሊባኖስ ተራራ የወለደቻት፤ ግንቦት 1 ንፍሮ ይዘን ውጭ የምንወጣው ለዚህ ነው። «እናትሽ ያለችው የእመቤታችን የትውልድ አገር ነው» በያት። ሕፃን ልጅ እናቴ የት ናት ብላ ስትጠየቅ «ዓረብ አገር» ከማለት ሌላ የምትመልሰው ነገር ይኑራት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ቀድሞ የመጣልኝ ይኼ ነው፤ ሐናም ከቤቷ ርቃ ነበር።

ስለ ጾሙ ብዙ አትጨነቂ። ሰባት ዓመት ያልሞላትን ማንም አያስገድድም። ወንዱም ከአያቱ ጋር እንደ አቅሙ ይሞክር። የልደት ሌሊት ግን ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ። ይተኛሉ ብለሽ አትስጊ። ይተኙ። እኔ ግማሹን ቅዳሴ ያሳለፍኩት በእናቴ ጋቢ ተጠቅልዬ ነው፤ ከበሮው ሲመታ እነቃለሁ፣ ደግሞ እተኛለሁ። የጧፉና የዕጣኑ ሽታ የገባኝ እንደዚያ ነው። ጠዋት ድፎው ሲቆረስ የመጀመሪያውን ቁራሽ ትንሿ ይዛ ለጎረቤት ታድርስ። በአንቺ ብር በተገዛ ዱቄት የተጋገረ እንደሆነ ትወቀው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ይህን ሁሉ የምትሠራው እናትሽ ናት። ጧፉን የምታበራው፣ ስልኩን የምትከፍተው፣ በሌሊት ሁለት ልጅ ይዛ ዳገቱን የምትወጣው እሷ ናት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ፣ ቡና በምታፈላበት ሰዓት፣ ለብቻዋ ደውይላት። ያሰብሽውን አማክሪያት፣ የምትችለውን ራሷ ትምረጥ። የዚያን ቀን ስለ ብሩም ስለ ልጆቹም ብዙ አታውሪ። ጉልበቷ እንዴት እንደከረመ ጠይቂያት።