ለህንድ ጎረቤት ምን ይዤ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ጎረቤቶቻችን ከጉጃራት የመጡ ህንዶች ናቸው። ዲዋሊ ለሚባለው የብርሃን በዓላቸው ቤታቸው ጠሩን። ዶሮ ወጥ ሠርቼ ብሄድ ይሆናል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ዶሮውን ግን ተይው። ጉጃራት ውስጥ ሥጋና እንቁላል የማይቀምስ ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጅ ሳለሁ ደሴ ጎረቤታችን ህንዳዊት አስተማሪ ነበሩ። እናቴ ለበዓላቸው ዶሮ ከነእንቁላሉ ላከችላቸው። በትሕትና መለሱት። እናቴ በጣም አዘነች። ምክንያቱን ስትሰማ ሽሮና ጎመን ሠርታ ላከች። ሳህኑ ባዶውን አልተመለሰም፤ ጣፋጭ ሞልተውበት ነበር። የሄሉ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ስለዚህ የጾም ምግብ ወይም ፍራፍሬ ያዢ። ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ። ደጃፉ ላይ በባለቀለም ዱቄት የተሣለ ጌጥ ካለ ልጆቹ እንዳይረግጡት አደራ። ልጆቻቸው ጎንበስ ብለው የአያታቸውን እግር ሲነኩ ብታዪ አይግረምሽ፤ እኛ ጉልበት እንደምንስመው ነው።