ሰው በበረት ያድራል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሱሞ፣ ስለ ጃፓን ባህላዊ ትግል፣ የቀረበ የአማርኛ ዜና ሳነብ አንድ ታጋይ ‹በኢሴጋሃማ በረት እንደሚኖር› ተጽፎ አየሁ። ሌላ ጽሑፍ ደግሞ በጃፓን ሬስሊንግ ታጋዮች ‹አዲስ ጋጣ መሠረቱ› ይላል። ሰው በበረት ያድራል? የጃፓንኛው ቃልስ ‹ሄያ› ነው ወይስ ‹ቤያ›? ሁለቱንም አይቻለሁ።»

መልስ፦ በረቱ የመጣው ከጃፓን ሳይሆን ከእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የፈረስ ጋጣን በሚጠራበት ቃል፣ በ‹ስቴብል›፣ የአንድ ባለቤት የእሽቅድምድም ፈረሶችንም፣ በአንድ አሠልጣኝ እጅ ያሉ ቦክሰኞችንም ይጠራል። ስለ ሱሞ የጻፉትም ይህንኑ ቃል ወሰዱ፤ የእኛ ተርጓሚ ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጦ ፊት ያገኘውን ፍች አነሣ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቃሉን ሲሰማ ፈረሱን ከረሳው ቆይቷል። አማርኛ ግን አልረሳም። በረት ሲባል ከብቱ፣ እበቱና መወርወሪያው ይታየናል፤ ጋጣ ሲባል ደግሞ ‹ጋጠወጥ› የሚለው ስድብ ጆሯችን ላይ ያቃጭላል።

ጃፓኖቹ የሚሉት ሄያ ነው። ሄያ ክፍል ማለት ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት፣ የሚተኛበት ተራ ክፍል። ከስም ጋር ሲያያዝ የመጀመሪያ ድምፁ ይለወጥና ቤያ ይሆናል፦ ኢሴጋሃማ-ቤያ። ይህ በጃፓንኛ የተለመደ ነው፤ ሱሞ ራሱ ‹ኦ› ማለትም ‹ታላቅ› ሲቀድመው ኦዙሞ ይባላል። ስለዚህ ያዩዋቸው ሁለቱም ትክክል ናቸው። ‹የኢሴጋሃማ-ቤያ ቤት› ብሎ መደራረብ ግን ‹ሰሃራ በረሃ› እንደ ማለት ነው፤ በረሃ በረሃ። ቤያ ከእኛ ቤት ጋር መመሳሰሉም እንዲሁ የገጠመ ነገር ነው፤ ዝምድና አይቆጠርበት።

የሆነ ሆኖ እኔ የምመርጠው ቤት ነው፤ ድምፁ ስለገጠመ ሳይሆን ነገሩ ቤት ስለሆነ። ወደ 45 የሚጠጉ የሱሞ ቤቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ቶኪዮና አካባቢዋ ናቸው። የአንዱን ደጅ በማለዳ ቢከፍቱ ወለሉ የተደመደመ አፈር ነው። ጀማሪዎቹ ጥቁር መታጠቂያ ታጥቀው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ እግራቸውን እያነሡ መሬቱን ይረግጣሉ፤ ጥግ ላይ የቆመውን ግንድ በመዳፋቸው ይደበድባሉ። ባለ ማዕረጎቹ ነጭ ታጥቀው ዘግየት ብለው ይመጣሉ። ሲታጠብም ሲበላም ቅድሚያው የእነርሱ ነው፤ ጀማሪው አብስሎ፣ አቅርቦ፣ አሳልፎ መጨረሻ ላይ የተረፈውን ይበላል። ማታ ጀማሪዎቹ በአንድ ሰፊ ክፍል ተደርድረው ይተኛሉ። የቤቱ አለቃ ‹ኦያካታ› ይባላል፤ ‹ኦያ› ወላጅ ማለት ነው። ቀድሞ የገባ ተማሪ በዕድሜ ቢያንስ እንኳ ለኋለኛው ታላቅ ወንድም ነው።

ይህን የሰማ የአማርኛ አንባቢ ፈረስ ሳይሆን ቅኔ ቤት ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። በመምህር ሥር ማደር፣ አገልግሎ መማር፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ እየተባለ በቤት መለየት ለቋንቋችን አዲስ አይደለም። ንጽጽሩ የሚሰበርበት ቦታም አለ። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከመምህር ወደ መምህር ይሄዳል፤ መሄዱም ያስከብረዋል። የሱሞ ታጋይ ግን የገባበትን ቤት መለወጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2024 የሚያጊኖ ቤት ታጋዮች ወደ ኢሴጋሃማ የተዛወሩት ቤታቸው ስለተዘጋ እንጂ መርጠው አይደለም። ‹ክለብ› የሚለው ቃል የማይስማማውም ለዚህ ነው፤ ክለብ ተጫዋች ይሸጣል፣ ይገዛል። ‹ካምፕ› ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ገብተው የሚወጡበት ነው። በዚያ ላይ በመደበኛው ውድድር የአንድ ቤት ልጆች እርስ በርስ አይገጥሙም። የሚገናኙት በድል እኩል ሆነው ለዋንጫ መለያ ሲቀርቡ ብቻ ነው። ይህን ደንብ በበረት ቋንቋ ለማስረዳት ይሞክሩ!

አጻጻፉ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይኑር። ‹የሱሞ ቤት› እንጂ ‹ሱሞ ቤት› አልልም፤ ‹የ› ከወደቀች እንደ ቡና ቤት ሱሞ የሚሸጥበት ይመስላል። (‹ታጋይ› ሲባል ጫካው የሚታያቸው አንባቢዎች እንዳሉም አውቃለሁ፤ ‹የሱሞ ታጋይ› ካሉት ግን ጫካው ይጠፋል።)

ወደ ሬስሊንጉ፣ ማለትም ወደ ትርኢት ትግሉ፣ እንምጣ። እንግሊዝኛው ለሱሞ ቤትም፣ በሬስሊንግ ለሚያብሩ የታጋዮች ስብስብም አንድ ቃል ይጠቀማል፤ ነገሮቹ ግን አይገናኙም። የሬስሊንጉ ስብስብ ማደሪያ የለውም፣ አለቃው ወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒው ጃፓን በተባለው የሬስሊንግ ድርጅት ውስጥ የተመሠረተው ቡሌት ክለብን የመሰለው ስብስብ ዛሬ ይተባበራል፣ ነገ መሪውን ከድቶ ያባርራል፤ የትርኢቱ ጣዕም ክህደቱ ነው። ጃፓኖች እንዲህ ላለው ስብስብ ከሚሰጡት ስም አንዱ ከጦር ክፍል የተወሰደ ነው፤ በፊደላችን ሲጻፍ ‹ጉንዳን› ይሆናል። እንዳለ እንዋሰው ብንል ሪንጉን ጉንዳን ወረረው! ለዚህ ‹ጎራ› የሚል የራሳችን ቃል አለን፤ ጎራ ይለያል፣ ከጎራ ወደ ጎራ ይታለፋል። ትግሉን የሚያዘጋጀው ኩባንያ ደግሞ ድርጅት ነው፤ ‹ፕሮሞሽን› ብለው ከጻፉት አንባቢው የደረጃ ዕድገት ወይም ማስታወቂያ ይመስለዋል።

ቃላቱ በትክክል መለየታቸውን ለመሞከር የሪኪዶዛንን ታሪክ ይጻፉ። የጃፓን ሬስሊንግ አባት የሚባለው ይህ ሰው ሱሞ የተማረው በኒሾኖሴኪ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ሱሞን ትቶ በ1953 የሬስሊንግ ድርጅት አቋቋመ። ሁለቱ ደቀ መዛሙርቱ ኢኖኪና ባባ በ1972 የየራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ፤ ጎራዎቹ የበቀሉት በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ በረት የሚገባበት ቀዳዳ ካገኙ ይጻፉልኝ።