ግራፍ የሚስል ፕሮግራም በጃቫ፦ ክላሶቹን እንዴት ልከፋፍል ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ማታ አይቼው ነበር፤ በስልክ ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ ላፕቶፕ እስክከፍት አቆየሁት። ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ፦ እዚህ አዳማ የምትማር የሶስተኛ ዓመት ተማሪ ነች። ለኦብጀክት ኦሪየንትድ ኮርስ በጃቫ ስዊንግ (የጃቫ የመስኮትና የስዕል ላይብረሪ) የፈንክሽን ግራፍ የሚስል ፕሮግራም እየሠራች ነው። ኤክስ ስኩዌር ወደ ታች ተደፍቶ ይወጣባታል። ታንጀንት ላይ ከላይ እስከ ታች የሚሰነጥቁ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይመጣሉ። አድቫይዘሯ ደግሞ «ሁሉንም አንድ ክላስ ውስጥ ጠቅጥቀሽዋል» ብሏታል።

አድቫይዘርሽ እውነቱን ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ማረም ያቃተሽም በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ የተማሪ ፕሮጀክት በእጄ አልፏል፤ ሁሌም ሒሳቡና ስዕሉ ተጠላልፈው ነው የማገኛቸው። ፈንክሽኑ ስክሪን የሚባል ነገር መኖሩን ማወቅ የለበትም። የሚስለው ክላስም የሚስለው ሳይን ይሁን ሎጋሪዝም ሊያገባው አይገባም።

ስለዚህ መጀመሪያ «ፈንክሽን» የሚል ኢንተርፌስ (ሌሎች ክላሶች የሚፈጽሙት ውል) ጻፊ። ውስጡ አንድ ሜተድ ብቻ ይኑር፤ ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ይቀበላል፣ ደብል ይመልሳል። በቃ። ከጃቫ 8 ጀምሮ ደብል ዩናሪ ኦፐሬተር የሚባል ዝግጁ ነገር አለ፤ ለኮርስ ከሆነ ግን የራስሽን ጻፊ፤ ዲፌንስ ላይ፣ ፕሮጀክቱን ስታቀርቢ ሲጠይቁሽ የምትይው ይኖርሻል።

ቀጥሎ ብዙ ተማሪ የሚዘለው ክላስ ይመጣል፦ ቀያሪው። ሥራው የሒሳቡን ነጥብ ወደ ፒክስል፣ ፒክስሉን ወደ ሒሳቡ ነጥብ መመለስ ብቻ ነው። ፓነልሽ (የምትስዪበት ሰሌዳ) 800 በ600 ፒክስል ነው እንበል። ኤክስ ከ−10 እስከ 10፣ ዋይ ከ−7.5 እስከ 7.5 ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ቁጥር 40 ፒክስል ይይዛል። ዜሮ ዜሮ የሚያርፈው 400 እና 300 ላይ ነው። አሁን ዋይ 5 ቢሆንስ? ስክሪን ላይ ዜሮው ያለው ላይኛው ግራ ጥግ ነው፤ ቁጥሩ የሚጨምረው ወደ ታች ነው። ስለዚህ 300 ሲቀነስ 5 ጊዜ 40፣ መልሱ 100። አንቺ ደምረሽው ነው 500 ላይ የወረደው። ግራፍሽ የተደፋው በዚህች አንዲት ምልክት ነው።

«ስኬልን በ1 እና በ−1 አድርጊው፣ ራሱ ይገለብጠዋል» የሚሉሽ ይኖራሉ። አትስሚያቸው። ግራፉ ይቃናል፣ ግን አክሲስ ላይ የጻፍሻቸው ቁጥሮች ተዘቅዝቀው ቁጭ ይላሉ።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ የፓነሉን ስፋትና ቁመት ኮንስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ውስጥ አትጠይቂ፤ ዜሮ ነው የሚመልስልሽ። ፔይንት ኮምፖነንት በሚባለው የመሳያ ሜተድ ውስጥ ስትስዪ ጠይቂ። እዚያው መጀመሪያ መስመር ላይ የሱፐሩን (የወላጅ ክላሱን) ፔይንት ኮምፖነንት መጥራት አትርሺ፤ አለዚያ የድሮው ስዕል ከአዲሱ ጋር ይደራረባል።

አሁን አሳሳሉ። ኮድሽ ኤክስን በ0.1 እየጨመረ ይሄዳል። ተይው። 0.1ን ሦስት ጊዜ ስትደምሪ ጃቫ 0.3 ሳይሆን 0.30000000000000004 ነው የሚልሽ፤ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በዚያ ላይ ዙም ስታደርጊ ግራፉ ይሰባበራል። በፒክስል ሂጂ፦ ከ0 እስከ 799 እያንዳንዱን ዓምድ ወደ ኤክስ ቀይሪ፣ ፈንክሽኑን ጠይቂ፣ መልሱን ወደ ፒክስል መልሺ።

ወደ ታንጀንት እንምጣ፤ ጣጣው ያለው እዚህ ነው። ጃቫ የኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት ስትጠይቂው አይጮህም፤ ናን («ቁጥር አይደለም» ማለት ነው) ብሎ ይመልሳል። 1ን ለ0.0 ብታካፍዪም ኢንፊኒቲ ይልሻል እንጂ ፕሮግራሙ አይቆምም። (ሁለቱም ኢንት፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር ከሆኑ ግን ኤክሴፕሽን ይወረውራል፤ ደብል ተጠቀሚ።) ናን ወይም ኢንፊኒቲ ሲመጣ እስክሪብቶውን አንሺ፤ ፓዝ ቱዲ በሚባለው የመስመር መሳያ ክላስ ላይ፣ መስመር የሚያሰምረውን ላይን ቱ ትተሽ በሚቀጥለው ጤነኛ ነጥብ ሳይስል የሚሄደውን ሙቭ ቱ በይ። ታንጀንት ግን በዚህ አይያዝም። ታንጀንት የሚቋረጥበት የፓይ ግማሽ በደብል በትክክል ስለማይጻፍ መልሱ ኢንፊኒቲ አይሆንም፤ 16 ከኋላው 15 ዜሮ እንዳለው ዓይነት ግዙፍ ግን ተራ ቁጥር ነው። ያውም አንዱ ዓምድ ልክ እዚያ ካረፈ ነው፤ ብዙ ጊዜ አያርፍም። አንዱ ፒክስል ላይ ሰማይ ነው፣ የሚቀጥለው ላይ መሬት፤ ላይን ቱ ሁለቱን ሲያገናኝ ያ መስመር ይወጣል።

የተለመደው መፍትሔ «ምልክቱ ከተቀየረና ዝላዩ ትልቅ ከሆነ አንሺ» ነው። ለታንጀንት ይሠራል። ግን 1000 ጊዜ ኤክስን ሳዪበት፤ ምንም የማይቋረጥ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ያንንም ይቆርጠዋል። እኔ የምመርጠው ይኸንን ነው፦ በሁለት ተከታታይ ነጥቦች መካከል ያለው ዝላይ ከፓነሉ ቁመት ግማሽ ከበለጠ ፈንክሽኑን መሐላቸው ላይ ጠይቂው። ከዚያ ዝላዩ ያለበትን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈዪ፣ ጥቂት ጊዜ ደጋግሚ። ፈንክሽኑ የሚቀጥል ከሆነ ዝላዩ እየጠበበ ይሄዳል። ከተቆረጠ ግን አይጠብም፤ ታንጀንት ላይ እንዲያውም ያድጋል። ያኔ እስክሪብቶው ይነሳ።

ፓርሰሩን፣ ማለትም ተጠቃሚው ሳጥን ውስጥ የሚጽፈውን ፎርሙላ አንብቦ የሚተረጉመውን ኮድ፣ መጨረሻ ላይ አድርጊው። እስከዚያ አምስት ስድስት ዝግጁ ፈንክሽን በኮምቦ ቦክስ (በተቆልቋይ ዝርዝር) አቅርቢ። ዩቲዩብ ላይ «የጃቫስክሪፕት ኢንጂኑን ጥሪ፣ ራሱ ያሰላዋል» የሚል ቪዲዮ ታገኚያለሽ፤ ያ ናሾርን የሚባለው ኢንጂን ከጃቫ 15 ጀምሮ ከጃቫ ውስጥ ወጥቷል። ራስሽ ጻፊው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ በ1961 ያቀረበው ሻንቲንግ ያርድ የሚባል ዘዴ በሁለት ስታክ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ክምር) ይሠራል። የሚያደናቅፉሽ ሁለት ቦታዎች አሉ። ኔጌቲቭ ኤክስ ስኩዌር ላይ መጀመሪያ ስኩዌሩ፣ ከዚያ ኔጌቲቩ ነው። 2 ፓወር 3 ፓወር 2 ደግሞ ከቀኝ ይጀምራል፤ 512 እንጂ 64 አይደለም። ውጤቱን የኦብጀክት ዛፍ አድርጊው፦ ቁጥር፣ ኤክስ፣ ድምር፣ ብዜት፣ ሁሉም ያንኑ ኢንተርፌስ ኢምፕሊመንት ያደርጋሉ። ጽሑፉ አንዴ ይነበባል፣ ዛፉ 800 ጊዜ ይጠየቃል። ለየፒክስሉ ጽሑፉን እንደ አዲስ የሚያነብ ኮድ አይቻለሁ፤ ዙም ሲደረግ ላፕቶፑ ያቃስታል።

የግሪዱ ቁጥሮች 1፣ 2፣ 5 እና የነሱ አሥር እጥፎች ይሁኑ። ዙም ስታደርጊ ማውሱ ሥር ያለው ነጥብ ከቦታው አይነቃነቅ። መስመሩን 2 ወይም 3 ፒክስል አድርጊው፤ ባለ 1 ፒክስል መስመር በደበዘዘ ፕሮጀክተር ላይ አይታይም።

ለዲፌንስ ሳይን ይዘሽ አትግቢ፤ ሁሉም ሳይን ነው የሚያመጣው። ከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙት የንፋስ ተርባይኖች በየንፋሱ ፍጥነት የሚያመነጩትን ኃይል ሳዪ። አዳማ አንድ በሚባለው የንፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ 34ቱ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ናቸው፤ በጠቅላላው 51። የተርባይን ጠባይ በጥቅሉ እንዲህ ነው፦ ንፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ እስኪደርስ ዜሮ፣ ከዚያ በፍጥነቱ ኪዩብ ይወጣል፣ 12 አካባቢ ጣሪያው ላይ ይረጋል፣ 25 ሲያልፍ ለደህንነት ይቆማል። ይህን በፎርሙላ መጻፊያው ሳጥን ውስጥ በአንድ ፎርሙላ መጻፍ አይመችም፤ ኢንተርፌሱን ኢምፕሊመንት የሚያደርግ አንዲት ትንሽ ክላስ ግን ይበቃዋል። የሚስለው ኮድ አንድ ፊደል ሳይነካ ይስለዋል። 25 ላይ ከጣሪያው ወደ ዜሮ ሲወድቅም ያ የመከፋፈል ዘዴ መሥራቱን እዚያው ታሳያቸዋለሽ።

ፓርሰሩ ላይ ከተያዝሽ ኮዱን እዚሁ ላኪው። ስክሪንሾት ሳይሆን ጽሑፉን፣ ኮፒ አድርገን እንድንሞክረው።