መልስ፦ በክረምት ከልጆች ጋር መሥራት

«16 ዓመቴ ነው፤ ክረምቱን ከልጆች ጋር የምሠራው ሥራ ይኖራል?» ላልሽው፣ አለ እንጂ! እኔ ብሆን በማስጠናት እጀምራለሁ። የሰፈር ሰው ስለሚያውቅሽ ማስታወቂያ እንኳ አያስፈልግሽም። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያሉትን ያዢ። ብዙዎቹ ሀሁን በዜማ ያንበለብሉታል፤ «ሞ»ን ለብቻው ስታሳያቸው ግን ከ«መ» ጀምረው ካልቆጠሩ አይመጣላቸውም። ስለዚህ ፊደሎቹን ካርቶን ላይ ጽፈሽ፣ ቆራርጠሽ፣ በውዘሽ አጫውቻቸው። ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቀመጡልሽም፣ አትታገያቸው። ክፍያውን ከወላጆቻቸው ጋር መጀመሪያውኑ ተነጋገሪ። ይሉኝታ ከያዘሽ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በ«እግዜር ይስጥልኝ» ትሸኛለሽ። መዋለ ሕፃናት ከቀጠረሽ ደግሞ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንቺ ዕድሜ ያለ ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድም።