ይጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ በኪልት ይዋጋሉ እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። እኔና ጓደኛዬ በትንሽ ነገር ተጣልተን ልንለያይ ነው። የስኮትላንድ ወታደሮች ኪልት የሚባለውን ሽንሽን ቀሚሳቸውን ለብሰው ሲሰለፉ የሚያሳይ ቪዲዮ አየን። እሱ «ይሄ ለፎቶ ነው እንጂ በዚህ ማን ይዋጋል!» አለ። እኔ ደግሞ «ቅድመ አያቶቻቸው በዚሁ ልብስ ስንቱን ጦር ሜዳ ረግጠዋል፣ አሁንስ ምን ይከለክላቸዋል? እንደውም ከሱሪ ይሻላል፣ አየር ያስገባል፣ እግር አይዝም» አልኩት። ሻይ ተወራርደናል። ማነው ልክ? (የተወራረደው አንባቢ)

መልስ፦ ሻዩን አንተ ነህ የምትጋብዘው፣ አትድከም። ጓደኛህም ግን ሙሉ በሙሉ አላሸነፈም፣ ስለዚህ ስኳሩን እሱ ይክፈል።

መጀመሪያ አንተ ልክ የሆንክበትን ልንገርህ። ኪልት ለሰልፍ የተፈጠረ ልብስ አይደለም። ሃይላንድስ የሚባለው የስኮትላንድ ተራራማ አገር ዝናብ የማይለየው፣ ረግረግና ጅረት የሞላበት ነው። የድሮው ኪልት ደግሞ ዛሬ የምናየው አጭሩ ሳይሆን፣ ወገብ ላይ ተሸንሽኖ በቀበቶ የሚታሰርና ትርፉ ትከሻ ላይ የሚጣል ረጅም የሱፍ ጨርቅ ነበር። ቀን ልብስ ነው፣ ሲዘንብ ካባ፣ ማታ ብርድ ልብስ። ጅረት ስትሻገር ሱሪ ልጠቅልል አትልም፣ ከተሻገርክ በኋላም ቀኑን ሙሉ እግርህ ላይ የተጣበቀ እርጥብ ጨርቅ ይዘህ አትዞርም። ሱፍ ደግሞ ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። ጎራዴ ይዞ ቁልቁል ለሚሮጥ እግረኛ ከዚህ የተሻለ ልብስ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። ሱሪን እንዲህ የወንድ ልብስ ያደረገው ፈረስ ነው። በጥንቷ ቻይና የዣኦ ግዛት ንጉሥ ዉሊንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ307 ወታደሮቹን የሰሜን ዘላኖችን ሱሪ ያስለበሰው ለፋሽን ብሎ አይደለም። ፈረስ ላይ ሆነው ቀስት እንዲወረውሩ ስለፈለገ ነው። ሮማውያንም ያን ሁሉ አገር ሲይዙ እግረኛ ጦራቸው በአብዛኛው ጉልበቱ ባዶ ነበር። ስለዚህ የናንተ ክርክር «ቀሚስ ወይስ ሱሪ» መሆን አልነበረበትም። የወታደሩ እግር ምን እየሠራ ነው ብላችሁ ብትጀምሩ ኖሮ ቶሎ ትጨርሱት ነበር።

አሁን ወደ ጦሩ እንምጣ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ብላክ ዋች የሚባለው ታዋቂ የሃይላንድ ክፍል በ1739 በእንግሊዝ ንጉሥ ጦር ውስጥ ሬጅመንት (ራሱን የቻለ የጦር ክፍል) ሆኖ ተቋቋመ። በ1746 የስኮትላንድ አማፂያን «ከሎደን» በሚባል ቦታ ሲሸነፉ የእንግሊዝ ፓርላማ የሃይላንድ ልብስን በሕግ ከለከለ። ክልከላው ግን የንጉሡን ጦር አይመለከትም ነበር! እስከ 1782 ድረስ፣ ሕጉ እስኪነሳ፣ አንድ የሃይላንድ ሰው ኪልት ለብሶ ሳይታሰር መዞር ከፈለገ አንዱ መንገድ ወታደር መሆን ነበር። ያ ነው እንግዲህ ልብሱንና ውትድርናውን አንድ ላይ የሰፋቸው።

ጦሩ ራሱም ሁልጊዜ አልወደደውም። በ1809 ስድስት የሃይላንድ ሬጅመንቶች ኪልታቸውን እንዲያወልቁ ታዘዙ። ምክንያቱ የጦር ሜዳ ችግር አልነበረም። ከሃይላንድስ ውጭ ያሉ ወጣቶች ልብሱን እያዩ አንመዘገብም ስላሉ ነው።

ጣጣው በደንብ የታየው ጠመንጃ ከሩቅ መግደል ሲጀምር ነው። ታኅሣሥ 11 ቀን 1899 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማገርስፎንቴይን በሚባል ቦታ የሃይላንድ ብርጌድ ቦየሮች (እንግሊዝን ይወጉ የነበሩት የደች ዝርያ ሰፋሪዎች) የቆፈሩት ምሽግ ፊት ለፊት ሲደርስ ተኩስ ወረደበት። ወታደሮቹ በደረታቸው ተኝተው ለሰዓታት ፀሐይ ላይ ዋሉ። ቋንጃቸው ተቃጥሎ ውሃ ቋጠረ። ቀና ያለ ይመታል፣ የተኛ ደግሞ ከኋላው ይጠበሳል። በዚያ ጦርነት ጊዜ ኪልቱን ለመደበቅ ካኪ ሽርጥ ይታሰር ነበር፣ ግን የሚሸፍነው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው። በደረት ስትተኛ ከላይ የሚታየው ያው ጠቆር ያለው ሽንሽኑ ነው። እስቲ አስበው፣ ለቆመ ሰው የተሠራ መደበቂያ ለተኛ ሰው!

አንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ባሰ። ጀርመኖች እነዚህን ወታደሮች «ከሲኦል የመጡ እመቤቶች» ይሏቸው ነበር ይባላል። ወሬው በደንብ የሚነገረው ግን በራሳቸው በስኮትላንዶቹ ወገን ነው፣ እኔ ብሆንም አወራው ነበር። ምሽግ ውስጥ ያለው እውነት ብዙም አያስፎክርም። አንድ ኪልት እስከ 7 ሜትር የሚደርስ ወፍራም ሱፍ ሊበላ ይችላል። ያ ሁሉ ጨርቅ ውሃና ጭቃ ሲጠጣ ወገብህ ላይ ድንጋይ እንደታሰረ ቁጠረው። ሲበርድ ጠርዙ ላይ ያለው ጭቃ በረዶ ሆኖ ይደርቃል፣ በተራመድክ ቁጥር ባዶ እግርህን ይልጣል። ሽንሽኑ ውስጥ ቅማል ይራባል፣ ስፌቱን በሻማ እሳት እየለበለቡ ያጸዱት ነበር። እሾሃማ ሽቦ ላይ የተያዘ ኪልትማ አይወራም። ከሐምሌ 1917 ጀምሮ ደግሞ የሰናፍጭ ጋዝ መጣ፣ ይሄ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ቆዳን የሚያቃጥል፣ በተለይ ላብ ያለበትን ብብትና ብሽሽት የሚወድ መርዝ ነው። ከታች ክፍት የሆነ ልብስ ለብሰህ እዚያ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ላንተ ትቼዋለሁ።

ለዚህ ነው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀምር የእንግሊዝ ጦር ኪልትን ከውጊያ ልብስነት ያወጣው። በ1940 ፈረንሳይ ውስጥ የነበሩ ካሜሮን ሃይላንደርስ የሚባሉ የስኮትላንድ ወታደሮች አናወልቅም ብለው ቆይተዋል፣ ኪልት ለብሶ ወደ ውጊያ የገባ የመጨረሻው ሻለቃ እየተባሉም ይነሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የግለሰብ ታሪክ ነው፣ ያውም የሚገርም። ሰኔ 6 ቀን 1944 ቢል ሚሊን የተባለ ባግፓይፕ (የስኮትላንዶች የከረጢት ዋሽንት) ነፊ አባቱ በአንደኛው ጦርነት የለበሰውን ኪልት ለብሶ ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ ወረደ፣ ጥይት እየዘነበ ዜማውን እየነፋ ወዲያ ወዲህ አለ። በኋላ የተማረኩ ጀርመኖች «እብድ መስሎን ነው ያልተኮስንብህ» እንዳሉት ራሱ ይናገር ነበር። ይህን ለጓደኛህ ንገረው፣ ግን ማስረጃ አድርገህ አታቅርበው። እብድ መምሰል ለአንድ ሰው ይሠራል፣ ለሻለቃ ጦር አይሠራም።

ዛሬስ? የዛሬ ወታደር ሱሪ ልብስ ከሚባል ዕቃ ቢባል ይሻላል። ጭኑ ላይ ኪስ አለው፣ ጉልበቱ ላይ መከላከያ ይገባበታል፣ ቀለሙ ከአካባቢው ጋር ይመሳሰላል፣ መዥገርና ትንኝ የሚያባርር መድኃኒት የተነከረም አለ። ወታደሩ በጉልበቱ ይንበረከካል፣ ፍርስራሽ ላይ ይሳባል፣ ጠባብ ብረት ለበስ ውስጥ ይገባል፣ ከሄሊኮፕተር በገመድ ይወርዳል። በኪልት በገመድ ስትወርድ ጭንህ ምን እንደሚሆን አስበው። በሙቀት የሚያይ መነጽርም አለ፣ ባዶ ቅልጥም እዚያ ላይ ደምቆ ነው የሚታየው። ለኪልት የሚቀርለት አንድ ነጥብ ሱፍ ቶሎ እሳት የማይዝ መሆኑ ነው። እሱንም ቢሆን ሱሪ አድርጎ መስፋት ይቻላል።

«አየር ያስገባል» ያልከው እውነት ነው፣ ለሰልፍ። በ2006 የተቋቋመው የስኮትላንድ ሮያል ሬጅመንት ኪልቱን ዛሬም ለሥነ ሥርዓት ይለብሳል፣ ሥራ ሲወጣ ግን እንደማንኛውም የእንግሊዝ ወታደር ሱሪውን ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ቀሚስ የሚለብስ ሌላ ጦር አለ? ወይስ ስኮቶቹ ብቻ ናቸው?

መልስ፦ አለ። አቴንስ ፓርላማ ፊት ለፊት የሚቆሙት የግሪክ ኤቭዞኖች ፉስታኔላ የሚባል ነጭ ሽንሽን ቀሚስ አላቸው፣ 400 ሽንሽን ነው፣ ለ400 ዓመት የኦቶማን አገዛዝ መታሰቢያ ነው ይላሉ። የፊጂ ወታደሮችም ለሥነ ሥርዓት ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ሱሉ የሚባል ሽርጥ ይለብሳሉ። ሁለቱም ጋ ታሪኩ ያው ነው፣ ለውጊያ ሱሪ፣ ለክብር ቀሚስ።

ጥያቄ፦ ማፈር ከሌለ ልጠይቅ፣ ከስር ምንም አያደርጉም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ያልላከልን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ባህሉ «ምንም» ነው፣ ወታደሮቹም ስትጠይቃቸው እየሳቁ ያዳፍኑታል። በ1997 ሆንግ ኮንግ ለቻይና ስትመለስ አንድ የብላክ ዋች ወታደር ኪልቱን ነፋስ ከኋላው ገልቦበት ፎቶው ዓለምን ዞሯል፣ መልሱ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደስ የሚለው ግን ሌላ ነው። ያው የእንግሊዝ ጦር በ2010 አካባቢ አፍጋኒስታን ላሉ ወታደሮቹ ከሐር የተሠራ መከላከያ የውስጥ ቁምጣ ማደል ጀመረ። መሬት ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ ከታች ሲፈነዳ አሸዋውና ስብርባሪው ብሽሽት ውስጥ እንዳይገባ ነው። ስኮቶቹም ተቀብለው ለበሱት፣ ከሱሪያቸው ስር።