ጫፍ ላይ የሚነክስ ሞተር አልተበላሸም፣ ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። ሐረር ላይ ከሰው እጅ የገዛሃት የናይትሮ መኪና፣ ማለትም በሜታኖል ነዳጅ የምትሄደው የሪሞት መኪና፣ የማስነሻ ገመዷ አልሳብ ብሎሃል፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ይነክሳል፣ «ካሚቻውን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቱቦ) ቶርኖ ቤት ላስነካው ወይስ ትልቅ ሞተር ልግዛ፣ አሉሚኒየም እግርስ (ጎማውን የሚይዘው ክንድ) ያዋጣል?» ነው ያልከው። አቦ እጅህን ከካሚቻው ላይ አንሳ! እኔ ከፍዬበታለሁ፣ አንተ ድጋሚ አትክፈልበት።

የእኔም እንዳንተው ናት። የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የምታክል (1/10) ኤችኤስፒ የሚባል ምርት፣ ባለ 18 ሞተር (0.18 ኪዩቢክ ኢንች)፣ ወደ 3 ሲሲ መሆኑ ነው። የሸጠልኝ ልጅ «ትንሽ ቆማ ነው እንጂ ምንም አልሆነችም» አለኝ። ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። ቤት ወስጄ ገመዱን ስስብ ግማሽ ድረስ ይመጣና ድርቅ። እኔ ደግሞ ባጃጅ ስፈታ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ይቺ ሚጢጢ ምን ትሰውርብኛለች ብዬ ቴስታታውን (የሞተሩን ክዳን) አነሳሁት። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የለውም! ፒስተኑ ልሙጥ ነው። ታች ላይ ልል፣ ላይ ሲደርስ ጥብቅ። ለአንድ የማውቀው የባጃጅ መካኒክ ወሰድኩለት፣ እሱም አየት አድርጎ «ላይኛው በኩል ጠቧል፣ እናለዝበው» አለ። በብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ዙሪያውን አሸነው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች ሸርተት ሲል ደስ ብሎኝ ሻይ ሁሉ ጋበዝኩት።

ያ ሞተር ከዚያ በኋላ በዚያ ካሚቻ አንድም ቀን አልተነሳም።

ምክንያቱን የነገሩኝ ሰፈራችን ያሉ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን በሸመንደፈር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ የጨረሱ ሰው። መነጽራቸውን አድርገው ካሚቻውን ወደ ብርሃን አዞሩና «ማነው የነካው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፣ ካሚቻው ደግሞ ናስ ሆኖ ውስጡ ክሮም የተለበጠ ነው። ወደ ላይ እየጠበበ እንዲሄድ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። ሲሞቅ ላይኛው ክፍል ይሰፋና ልኩ ላይ ይመጣል። በብርድ የሚነክስህ ያ ጥበት ነው የፋሻውን ሥራ የሚሠራው። እኛ ቁጭ ብለን ያሸነው እሱን ነው። ክሮሙ አንዴ ከሄደ የሚመልሰው ቶርኖ የለም አሉኝ።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ካንዴላውን ፍታና ሞተሩን በእጅህ አዙር፣ በገመድ አይደለም። ነዳጅ ፊጭ ካለ ጠጥቷል ማለት ነው፣ ገልብጠህ አፍስስ። ደርቆ ከያዘ ደግሞ የቆየ ዘይት ነው። ሜታኖሉ ተኖ ሲያልቅ የጉሎ ዘይቱ እንደ ሙጫ ይሆናል። በፀጉር ማድረቂያ ቴስታታውን አሙቀው፣ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምር፣ ቀስ ብለህ አዙር። ድሬ ብትሆን ፀሐይ ላይ አስቀምጣት እልህ ነበር። እኔ በጉልበት ስስብ ገመዱን በጥሼ ስፕሪንጉ ፊቴ ላይ ተፈትቷል፣ ይሄንን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

2. በእርግጥ ካለቀ (ካንዴላው ወጥቶ ጫፍ ላይ ምንም የማይነክስ ከሆነ ነው ያለቀው፣ ልብ በል፣ የአንተ ይነክሳል!) ፒስተን፣ ካሚቻና ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ) አንድ ላይ እንደ ስብስብ ግዛ። እኔ ያዘዝኩት የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ፈጀ። እሱስ ይሁን። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ልቀበል የሄድኩበት ቢሮ ነው ያበገነኝ። ሰውየው ወረቀቱ ላይ «የሪሞት መኪና መለዋወጫ» የሚለውን አነበበና «ሪሞት ካለው ድሮን ነው» አለ። ፒስተን ነው ጋሼ፣ አውራ ጣቴን አያክልም፣ ከፍተው ይዩት አልኩ። «አንተ ነህ የምታስተምረኝ?» ብሎ በሚቀጥለው ሳምንት ና አለኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ የመኪናዋን ፎቶና የተፈታውን ሞተር በፌስታል ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፣ ዘይቱ ወረቀቱን ነካበት፣ ያኔ ቶሎ ፈረመልኝ። አንተ ከመጀመሪያው ፎቶና ደረሰኝ ይዘህ ሂድ።

ነዳጅ ላይ «ቤንዚን ባደርግስ?» ሳትለኝ በፊት፣ አይሆንም። ካንዴላው እንደ ባጃጁ እሳት አይረጭም። ውስጡ ያለው የፕላቲነም ሽቦ ከሜታኖል ጋር ሆኖ ነው እየጋለ የሚቆየው፣ ቤንዚን ላይ አይሠራም። ሲነሳ ደግሞ 1.5 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ከሞተር ሳይክል ባትሪ 12 ቮልት ብትሰጠው ወዲያው ይቃጠላል። ነዳጁን በአውሮፕላን የሚያመጣልህ ሰው አትፈልግ፣ ተቀጣጣይ ነው፣ አይጫንም። ስታገኝ በሃይላንድ እንዳታስቀምጠው አደራ። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። የእኔ የእህቴ ልጅ ውሃ መስሎት ጠርሙሱን ሲያነሳ ደርሼበታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው።

3 ላይ ነበርኩ መሰለኝ። ማጣሪያው። አዲሱን ካሚቻ ካስገባሁ በኋላ 5 ታንክ ያህል ነዳጁን አብዝቼ፣ እያጨሰ፣ በቀስታ አለማመድኩት። ከዚያ ደስታዬን ይዤ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ልወርድ ስል እኚያው አዛውንት የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ በጣታቸው ነኩና ዱቄት ሆኖ ተበተነ። ያ አሸዋ ቢገባ አዲሱ ካሚቻም ባንድ ቀን ይሄድ ነበር። አሁን ስፖንጁን በየጊዜው አጥቤ ዘይት አስነክቼ ነው የምመልሰው። ደረቅ ስፖንጅ አቧራ አይዝም።

ትልቅ ሞተር አልመክርህም፣ ማርሾቹን ይበላቸዋል። አሉሚኒየም እግርም ለፎቶ ነው፣ ፕላስቲኩ ታጥፎ ይመለሳል፣ ርካሹ አሉሚኒየም እንደታጠፈ ይቀራል። ገንዘብ ካለህ ኩሽኔታዎቹን ቀይር፣ የሪሲቨሩን (መኪናዋ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን) ባትሪ አዲስ አድርግ። ባትሪው ሲደክም መኪናዋ በሙሉ ነዳጅ ትሸሻለች፣ የእኔ ሳቢያን ሰፈር ላይ ባጃጅ ስር ገብታ ነው የቆመችው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የእኔን የካርቡራቶር መርፌ (ነዳጁን የሚመጥነውን) አከፋፈት አትገልብጥ። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ነው፣ እናንተ ከ1,800 በላይ ናችሁ። በደንገጎ ወጥቼ ሐረር ላይ ሳስነሳት በጭስ ታፍና ልትሞት ነበር። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁ በዝቶባት ነው። መርፌውን ከሩብ ዙር ባነሰ እየዘጋህ ሞክር፣ ከዚያ ቴስታታው ላይ የውሃ ጠብታ ጣል። ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ተንጫጭታ ከጠፋች ጥሩ ነው፣ ወዲያው ብን ካለች አቃጥለኸዋል፣ መልሰህ ክፈት።

ያሸነው ካሚቻ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ወደ ድሬ ስትወርድ ሞተርህን ይዘህ ና፣ ጎን ለጎን አድርገን እናየዋለን። ግን ጠዋት ና፣ ከበርጫ በኋላ እኔም አዛውንቱም አንገኝም።